ከኬፕታውን ቃሊቲ በአራት ሺህ ኪሎ ሜትር

ዛሬ አንድ ጡረተኛ በገዛ ሱቄ በር ላይ የመደመር ፈተና ሰጥተውኝ ወደቅኩ። አላመናችሁም? ቁጭ በሉና ስሙ።

ቃሊቲ ላይ ያገለገለ ሞተር ስሸጥ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አሞኝቶኝ አያውቅም። ዛሬም ማንም አላሞኘኝም። ራሴው ነኝ።

ስምንት ወር ሙሉ የምለጥፍላችሁን ትልቁን ሞተር ታውቁታላችሁ። አዎ፣ ያ "አሁንም አልተሸጠም?" እያላችሁ ኮሜንት የምትጽፉበት። ባለቤቱ የነበረው ፈረንጅ ከኬፕታውን እዚህ ድረስ ነድቶት መጣና ለእኔ ሸጦ በአውሮፕላን አገሩ ገባ። ቀረጡ ተከፍሏል፣ ሊብሬው በስሜ ነው።

ለማያውቁት፦ 1200 ሲሲ ነው፣ ባለ ስድስት ማርሽ። የረጅም መንገድ ሞተር ስለሆነ ሰንሰለት እየላላ አያስቸግርህም፤ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው እንደ መኪና በዘንግ ነው። ኤቢኤስ አለው፣ ድንገት ፍሬን ብትይዝ አይንሸራተትም። ክሩዝ ኮንትሮል አለው፣ ፍጥነቱን ራሱ ይይዝልሃል። ብርድ ሲሆን መሪው እጅ ያሞቃል፤ ቤቴ ውስጥ እንኳን እንደዚህ የሚያስብልኝ የለም። ሠላሳ ሊትር ይይዛል፣ ፉል ሞልተህ ሀዋሳ ደርሰህ ትመለሳለህ።

ጉዳቱስ? ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል። ከወደቀ ሰፈር ተጠርቶ ነው የሚነሳው።

ዋጋው አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ። በዚህ ብር አሮጌ መኪና ይገዛል ትሉኛላችሁ። ግዙዋ።

ችግሩ ባለቤቴ ጽጌ ናት። ሱቁ ስለማይበቃው ሞተሩ ያለው ከሱቁ ጀርባ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ የልጆቹን ካልሲ ታሰጣበታለች። ሰሞኑን ቁርጡን ነገረችኝ። "እስከ እሁድ ካልወጣ ለወንድሜ በጠየቀው ዋጋ እሰጠዋለሁ።" ወንድሟ የጠየቀው ዘጠኝ መቶ ሺህ ነው። ልክ ግማሹን!

ሊብሬው በስሜ ነው ብያችሁ የለ? ጽጌ ዘንድ ሊብሬ አይሠራም።

እና ዛሬ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ መጡ። የአቃቂ ሰው ናቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ የድሮው ባቡር ሹፌር የነበሩ። ሄልሜታቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ሄልሜት ይዞ የሚመጣ ሰው ለማየት አይመጣም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ።

"አሮጌውን ሐዲድ ተከትዬ ድሬዳዋ ልሄድ ነው" አሉኝ። "መንገድ ላይ የማይጥለኝ ሞተር እፈልጋለሁ።"

"ጋሼ፣ ይሄማ ከኬፕታውን የመጣ ነው!"

ሞተሩን ከግቢ ወደ ሱቁ በር አውጥቼ የጎን ሳጥኖቹ ላይ የተለጠፉትን ባንዲራዎች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ደቡብ አፍሪካ። ዚምባብዌ። ዛምቢያ። ታንዛኒያ። ኬንያ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ገዳም እንደሚያስጎበኝ ሰው።

መታወቂያቸውን አስይዘውኝ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም ነድተውት ተመለሱ። ከላዩ ሲወርዱ ሃያ ዓመት ቀንሰዋል።

"ዋጋው ደህና ነው" አሉ።

ዋጋው ደህና ነው! በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያለኝ ገዢ የለም።

ከዚያ የማንበቢያ መነጽራቸውን አወጡና ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አዩ።

4,200።

እዚህ ላይ አንዲት ኑዛዜ አለችኝ። ሞተሩ ሲመጣ ቆጣሪው የሚለው ሰማንያ ስድስት ሺህ ነበር። ላፕቶፕ ይዞ የሚዞር ሰውዬ ጠርቼ ቁጥሩን አስወረድኩት። እኛ ያገለገለ ነገር ሻጮች ኪሎ ሜትር በዝቶ ካየን እጃችንን ያሳክከናል። ብዙ የሄደውን ገዢ ያየዋል፣ ጥቂት የሄደውን ይገዛዋል። ልማድ ነው፤ ቁጭ ብዬ አላሰብኩበትም።

ባንዲራዎቹን ግን አላነሳሁም። ያምሩ ነበራ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኪሎ ሜትር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከኬፕታውን እዚህ አራት ሺህ ብቻ ነው?"

"አቋራጭ ይኖረዋል ጋሼ።"

"በየት በኩል? በባሕር?"

በር ላይ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ሰምተዋል። አንዱ "ኧረ ፈረንጁ ተሸክሞት ነው የመጣው" አለ። ሳቃቸው ሳሪስ አቦ ሳይሰማ አይቀርም።

እውነቱን ነገርኳቸው። ምን ላድርግ?

ስድብ ጠበቅኩ። የባሰ መጣ።

"ሰማንያ ስድስት ሺህ? ይህን ብታሳየኝ ኖሮ ዛሬውኑ ያልከውን ከፍዬ ወሰድኩት። ይህን ያህል ሄዶ ድምፁ እንዲህ ከሆነ ድሬዳዋ ምኑ ነው? አንተ የሞተሩን ምስክር ነው ያጠፋህበት።"

ሄልሜታቸውን በብብታቸው መለሱ። "ቁጥሩ ቦታው ሲመለስ ደውልልኝ። እስከ ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ።"

ወዲያው ላፕቶፕ ላለው ሰውዬ ደወልኩ። ለማውረድ ሦስት ሺህ የተቀበለኝ ሰው ለመጨመር ስምንት ሺህ አለኝ።

"ምነው?"

"ወንድሜ፣ ጨምርልኝ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ከምርህ መሆኑን በምን ልወቅ?"

ከፈልኩ። ነገ ይመጣል።

እና ስሙ፤ ዋጋዬን አንድ ብር አልቀንስም። ከነባንዲራው፣ ከነሰማንያ ስድስት ሺው፣ አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ። ጽጌ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ ካልሲውን አንሺ፤ እሁድ ገና ነው።

እናንተ የምትስቁት ደግሞ አንድ ነገር መልሱልኝ፦ እውነት ለመናገር ስምንት ሺህ ብር የከፈለ ነጋዴ ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?