ለአንድ መንጋጋ ብዬ አክስቴን ገደልኩ

ዛሬ ማምሻውን፣ እኔ የገደልኳቸው ሴትዮ አሰላ መናኸሪያ ከሚኒባስ ወርደው በስሜ ጠሩኝ።

ቆይ፣ ቆይ! ፖሊስ አትጥሩ። ሴትዮዋ ደህና ናቸው። ችግሩም እሱ ነው!

በሉ ቁጭ በሉ። ይሄን ታሪክ ሌላ ሰው አጣሞ ሳይፖስተው እኔው ራሴ አጣምሜ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እኛን ተዋወቁ። ሦስት ነን። እኔ ነጃት፣ አሰላ ተወልጄ አሰላ ያደግኩ፣ ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን። በረከት፣ ወላጆቹ ከወልቂጤ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ፣ ባዮሎጂን በቃሉ የሚያነበንብ። ሦስተኛዋ ሲፈን ናት፣ የዴራ ልጅ፣ ለትምህርት ብላ አሰላ ቤት የተከራየች።

ሲፈን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የዴራ ውሃ ጥርስ ያበላሻል፤ እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። እኛ ደጋዎቹ ደግሞ ነጭ ጥርሳችንን ራሳችን የሠራነው ይመስል እንኮራበታለን።

ሦስታችንም የምንፈልገው ዴንታል ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ስም ሳይቀር «ጥርሳችንን ነክሰን» ነው። በረከት ነው ያወጣው፣ ያኔ በጣም አስቆን ነበር።

ትምህርት ቤቱንም አብረን ነው የመረጥነው። በረከት ኮሌጆቹ ጋ እየደወለ ስለ ላቦራቶሪያቸው ጠየቀ። ሲፈን ተማሪው ስንተኛ ዓመት ላይ የምር ታካሚ እንደሚነካ ጠየቀች። እኔ ዋይፋይ እንዳለ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ የሦስታችንም ልብ አዳማ ያለ አንድ ኮሌጅ ላይ አረፈ።

ኮሌጁ የግል ነው፣ ክፍያውን የሦስታችን ቤተሰብ ተረዳድቶም አይችለውም። ግን ፈተናውን በደንብ ላለፈ የአርሲ ልጅ ነጻ ቦታ ይሰጣል።

ሁለት ቦታ።

እኛ ሦስት።

ሒሳቡ ገባችሁ አይደል?

ፈተናው ግማሹ የወረቀት ነው፣ ግማሹ የእጅ። የእጁ ማለት ከሰም ላይ ጥርስ መቅረጽ ነው። እኛ ሰም ከየት እናምጣ? በልብስ ሳሙና ተለማመድን! ክረምቱን ሙሉ ሳሙና በምላጭ ስንፍቅ ከረምን። ቤታችንን የሳሙና ጥርስ ሞላው። እማዬ የአባዬን ሸሚዝ በመንጋጋ ነው የምታጥበው። አንድ እንግዳ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ክራንቻ ይዞ ተመልሷል።

የሲፈን መንጋጋ ግን ልዩ ነው። ጉብታው፣ ስርጉዱ፣ ሁሉም በቦታው። የእኔ መንጋጋ የተቀቀለ ድንች ነው የሚመስለው። «ነጃት፣ ምላጩን አትግፊው፣ ሳቢው» እያለች ስንቴ እጄን ይዛ አሳይታኛለች። በወረቀቱ ደግሞ በረከት ይበልጠኛል።

ስለዚህ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ግን እስከ ሦስት መቁጠር አያቅተኝም።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ፈራሁ። ሁለቱ ነጭ ጋውን ለብሰው ከአዳማ ፎቶ ሲለጥፉ፣ እኔ አሰላ ተቀምጬ ላይክ ሳደርግ ታየኝ።

ፈተናው ሁለት ዙር አለው፤ አንዱ ዛሬ ቅዳሜ፣ አንዱ በሳምንቱ። ሲፈን «ሁለተኛው ይሻለናል። የነጃት እጅ እስኪፈታ እንጠብቅና ሦስታችንም አብረን እንሂድ» አለች። ተስማማን። እኔም «እሺ» አልኩ።

ልብ በሉ፣ ያዘገየችው ለእኔ ብላ ነው!

ከዚያ በመጀመሪያው ዙር የመጣ ሰው ቦታውን ቶሎ ይይዛል የሚል ወሬ ሰማሁ። ወሬውን ለማን አጋራሁት? ለማንም! ብቻዬን ላጥ ልል ወሰንኩ።

ግን ምክንያት ያስፈልጋል። አሞኛል ብል በረከት ዝንጅብልና ሎሚ ይዞ ከተፍ ይላል። ሰርግ አለብኝ ብል ሲፈን «ምን ልልበስ?» ነው የምትለው።

ለቅሶ!

ትናንት ድምፄን ሰበር አድርጌ ቮይስ ላክሁ። «አዳዳ ከዲጃ አረፉ። ነገ በጠዋት ጮሌ እሄዳለሁ።» አዳዳ በእኛ የአባት እህት ማለት ናት። አዳዳ ከዲጃ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፣ ያኔም ጮሌ ቤታቸው ደህና ሆነው እራት እየበሉ ነበር።

እሳቸውን የመረጥኩት ጮሌ ሩቅ ስለሆነ ነው። ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አልፎ ማን ለቅሶ ይመጣል?

ሰው ሞተ ሲባል እዚህ አገር ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ! ትናንት ብቻ ነው የረሳሁት።

ዛሬ ማልጄ ለእማዬ «ሲፈን ጋ ላጠና ነው» ብዬ የአዳማ ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ።

ሚኒባሱ የት ይቁም? ዴራ! የሲፈን እናት መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡበት ቦታ ላይ፣ በእኔ መስኮት ልክ። ጎንበስ ብዬ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉልበት ሥር ተወሸቅኩ። «ምን ሆንሽ ልጄ?» ሲሉኝ «ወገቤን ነው አባባ» አልኩ።

ቀና ስል የሲፈን ትንሽ እህት መስኮቱ ሥር ቆማ ታየኛለች። ሳቀችብኝ። አፏን በእጇ ሸፍና።

ገና ልጅ ናት። ማን አስተማራት? ሲፈን ለምን ዴንታል እንደምትፈልግ ስትጠየቅ አንድ መልስ ነው ያላት፣ «ዴራ እመለሳለሁ»። «ልውረድ ይሆን?» አልኩ። ሚኒባሱ ግን ሄደ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ።

የወረቀቱን ፈተና በደንብ ሠራሁ፣ አልዋሽም። (ዛሬ ያልዋሸሁት እሱን ብቻ ነው።) ከዚያ ሰም ታደለን። ፈታኟ መነጽር ያደረጉ ዶክተር ናቸው።

«ሁለት ሁለት ሁኑ» አሉ። «አንዱ የላይኛውን መንጋጋ ይቀርጻል፣ ሌላው የታችኛውን። ማርኩ ለየራስ ነው። ጥርሶቹ ሲገናኙ ካልገጠሙ ግን ለሁለታችሁም ዜሮ ነው። በሉ ከጓደኛችሁ ጋር ተቀመጡ።»

ከጓደኛችሁ ጋር!

አዳራሹ ተንጫጫ፣ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነ። ለካ ሁሉም ከሰው ጋር ነው የመጣው። እኔ መሃል ላይ ሰሙን ታቅፌ ቀረሁ።

ጥግ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ቆሟል። ተያየን። እሱ ማንን ቀብሮ እንደመጣ አልጠየቅኩትም።

አብረን ተቀመጥን። ልጁ ሰሙን በክንዱ ከልሎ ነው የሚቀርጸው! «እስኪ ልየው፣ እንዲገጥም» ስለው «አንቺ የራስሽን ሥሪ» አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ በሆዴ ስሰድበው ቆየሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ እኔም የራሴን በክንዴ ከልዬዋለሁ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ዶክተሯ ጥርሶቻችንን አነሱና አገናኟቸው። አዞሩ። ገለበጡ። እንደገና አዞሩ። የእሱ ጉብታ የእኔ ጉብታ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«እነዚህ ጥርሶች ተጣልተዋል» አሉ።

ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ አዩን። «ወረቀቱን አልፋችኋል። በሳምንቱ ሁለተኛ ዙር አለ፣ የሚገጥምላችሁ ሰው ይዛችሁ ኑ።»

ወጣሁና ስልኬን ከፈትኩ። ሲንቀጠቀጥ አላቆመም።

የመጀመሪያው ቮይስ የበረከት ነው፣ በሹክሹክታ። «ነጃትዬ፣ አላህ ያጽናሽ። ብቻሽን ስትሄጂ ዝም ማለት አልቻልንም። ጮሌ ደርሰናል። እናቴ ዳቦ ጋግራ ልካለች። ቤቱ በየት በኩል ነው?»



ሁለተኛውን ስከፍተው ጩኸት ብቻ ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ቤቱን ስላላወቁት «የከዲጃ ለቅሶ የት ነው?» እያሉ መንገደኛ ሲጠይቁ፣ የጠየቁት ሁሉ «ሱብሃነላህ! መቼ?» እያለ ተከትሏቸዋል። አዳዳ ከዲጃ ደግሞ ገበያ ወጥተዋል። ቤታቸው ዝግ ነው፣ ሰው በራቸው ላይ ተሰብስቦ ያለቅሳል።

አዳዳ ከገበያ ሲመለሱ ያን ሁሉ ሕዝብ በራቸው ላይ አዩ። ዘንቢላቸውን ጣሉ። «ኤኙቱ ዱኤ? ኧረ ማነው የሞተብኝ?» እያሉ አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

የራሳቸውን ለቅሶ አለቀሱ! ጎረቤት ዞር ብሎ እስኪያያቸው ድረስ።

የመጨረሻው ቮይስ የሲፈን ነው። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «ነጃት፣ አዳዳ ከዲጃ የራሳቸውን የለቅሶ ዳቦ እየቆረሱልን ነው። አንቺ የት ነሽ?»

«አዳማ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ።

አነበበችው።

ማታ አሰላ ስደርስ ተደብቄ ሰፈሬ መግባት እችል ነበር። አልተደበቅኩም! ይሄን ልብ በሉልኝ። መናኸሪያ ቆሜ የጮሌን መኪና ጠበቅኩ።

(ቤት ደግሞ አባዬ አለ። የእህቱን መርዶ ከጮሌ ተደውሎለት፣ ሥራውን ጥሎ ሲያለቅስ ነው ውሸት መሆኑ የተነገረው። እስካሁን አላናገረኝም። እሱ ላይ ቀልድ የለኝም።)

የጮሌው ሚኒባስ ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረደው ማን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ነጃት! ኮቱ! ነይ እስኪ ገዳዬ!»

መናኸሪያው ሙሉ ዞሮ አየኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አዳዳ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«አዳዳ፣ እርስዎን አስቤ ሳይሆን...»

«ይቅርታሽን ተይው! ለቅሶዬን በልተሽብኛል! ጎረቤቱ ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። የምር ስሞት ማን ይመጣል? ‹ባለፈው ደርሰናል› ነው የሚሉኝ!»

ትክክል ናቸው!

ያኔ ሲፈን ከኋላቸው ወረደች። «እኔ እመጣለሁ አዳዳ» አለች። «አሁን መንገዱን አውቄዋለሁ።»

ይሄን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ከዶክተሯ ዜሮ ይልቅ የሰበረኝ ይሄ ነው። መናኸሪያ መሃል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ረዳቶቹ «ማን ሞቶባት ነው?» ሲባባሉ ይሰማኛል።

እንባዬን ጠረግኩና ፊቷ ቆምኩ።

«የዋሸሁት ስለፈራሁ ነው» አልኳት። «አንቺ ትበልጪኛለሽ። ቦታው ሁለት ነው፣ እኛ ሦስት ነን። በለቅሶው ጥፋተኛ ነኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ። ቦታውን ግን አልለቅም! በሳምንቱ እሄዳለሁ። ፊት ለፊት እወዳደርሻለሁ።»

ከሲፈን ኋላ የወረደው በረከት ሰማይ ሰማይ አየ። አዳዳ ከዲጃ እኔን አዩ፣ ሲፈንን አዩ።

ሲፈን ሳቀች።

እጇ ወደ አፏ አልሄደም። በአንድ እጇ የአዳዳን ዘንቢል፣ በሌላው የተረፈውን ዳቦ ስለያዘች ይሁን ረስታው፣ አላውቅም። ብቻ ያን ቡናማ ጥርሷን ሙሉውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በእኔ ላይ ስትስቅ መሆኑ ቅር አላለኝም።

«በየትኛው እጅሽ?» አለችኝ። «በዚያ ድንች በሚቀርጸው? ለመሆኑ ፈተናው ምንድን ነበር?»

እዚህ ላይ ምላሴ ትንሽ ተያዘ። ስለ ጥንዱ ነገር የማውቀው ከሦስታችን እኔ ብቻ ነኝ። ብውጠው ማንም አይጠይቀኝም።

ነገርኳቸው። የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ ካልገጠመ ዜሮ መሆኑን፣ ሁሉንም!

ሲፈን አሰበች። «ከእኔ ጋር ትቀርጫለሽ» አለች።

«ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?»

«አይደለም! ዓይኔ ሥር እንድትሆኚ ነው።»

ለበረከት የዚያን በክንዱ የሚከልለውን ልጅ ስልክ ሰጠሁት፣ ስንወጣ ተቀብዬው ነበር። ጽፎለታል። ልጁ እስካሁን አልመለሰም፣ ስልኩንም በክንዱ ከልሎት ይሆናል።

አሁን አዳዳ ከዲጃ እኛ ቤት ናቸው። አባዬ አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን ይዟል፣ አይለቅም። እኔ ጥግ ላይ ሳሙና እፍቃለሁ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። «መንጋጋ ነው አዳዳ» አልኩ። ተቀብለው ገለባበጡት። «እኔስ ድንች መስሎኝ» አሉ።

በረከት የግሩፑን ስም ቀይሮታል። አሁን «የአዳዳ ከዲጃ ለቅሶ» ነው የሚባለው። ሲፈንም እዚያው ጽፋለች፦ «ነገ ሳሙና ይዘሽ ነይ። ለቅሶ አለብኝ እንዳትዪ።»

ኮሜንት ላይ ልትሰድቡኝ የተዘጋጃችሁ፣ ስደቡ! ግን መጀመሪያ መልሱልኝ፦ ሁለት ቦታ፣ ሦስት ሰው፣ እናንተ ብትሆኑ ማንን ትገድሉ ነበር?

ብቻ ሩቅ አገር ያለ ሰው አትምረጡ። ጓደኛ ካላችሁ ይደርሳሉ።