ከአቶ ስንሻው ግቢ የተነቀሉት

አቶ ስንሻው ከእናታቸው በወረሱት ሰፊ ግቢ ላይ ሣር ያስተከሉት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ገባ። ሲዘረጋ የሰፈሩ ሰው በአጥር ላይ ተንጠራርቶ አየው። ቁመቱ አንድ፣ ቀለሙ አንድ ነበር። አቶ ስንሻው በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ «ግቢ ማለት ይኼ ነው» አሉ።

ክረምት ግን ማንንም አያስፈቅድም። በዚያው ዓመት ዝናቡ እንደጠና ከአዲሱ ሣር መሐል፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት እዚያው የነበሩት ሁሉ ብቅ ብቅ አሉ።

አቶ ስንሻው ተቆጡ። ሆኖም ሣሩን ከአረሙ መለየት አይችሉም ነበር፤ ለእሳቸው ዓይን ሁሉም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አንጓችን አስጠሩ። አንጓች በጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረች ሴት ናት። ክፍሏን የሰጧት የአቶ ስንሻው እናት ናቸው፣ በቃል ብቻ። ወረቀት የላትም። የግቢውን ቅጠል ግን አንድ በአንድ በስሙ ታውቀዋለች።

«ለዘመን መለወጫ ትልልቅ ሰዎች ይመጡብኛል» አሏት። «እስከዚያ ግቢው ጥርት ማለት አለበት። አንቺ ስሙን ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ትነቅይዋለሽ።»

«ስም መናገሩ ለምን አስፈለገ፣ ጋሼ? ዝም ብዬ ልንቀል።»

«ሥራ በሥርዓት ነው። ደግሞ ያቺ ክፍል ሌላ ፈላጊ አላት፤ እንዳስለቅቅሽ አታስገድጅኝ።» ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር።

መጀመሪያ የጠቆመችው ኩርንችትን ነው። መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ቢጫ አበባው ያምራል፣ ፍሬው ግን እሾህ ነው። ያልወጋው እግር አልነበረም። ሲነቀል ትሁን የምትባለው ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እሰይ! የእጁን አገኘ» አለች። አንጓችም አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ፍሬው ሳይበተን፣ ከሥሩ እየያዘች በሙሉ ልቧ ነቀለችው። ኋላ ላይ ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው፤ ያን ቀን ስትነቅል ደስ ብሏት ነበር።

«ሌላስ?» አሉ አቶ ስንሻው።

ማጌጥ ነበረ። ሦስት ሦስት ቅጠል እያወጣ፣ በሣሩ መሐል አንገቱን ደፍቶ የሚኖር።

«ማጌጥ ምን አደረገ፣ ጋሼ? ለከብት ምግብ ነው፤ መሬቱንም ያፋፋል። የእርስዎ ሣር የለመለመው እሱ ባለበት በኩል እኮ ነው።»

«አጠፋ አላልኩም። በዛ ነው ያልኩት።»

ጻፉት፤ ነቀለችው። በሁለት ሳምንቱ ማጌጥ በነበረበት በኩል ሣሩ ገረጣ። የገረጣውም ማጌጥ ሲሄድ ጥሎት በሄደው ክፋት ነው ተባለ።

ቀጥሎ የጎርጠብ ተራ ደረሰ። አንጓች ቅጠሉን ይዛ ቆየች። «ልጅ ሳሉ ማጭድ እጅዎን ሲቆርጥዎ፣ እናትዎ ጨምቀው ደሙን ያቆሙልዎ በዚህ ነው። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

አቶ ስንሻው የግራ እጃቸውን ጠባሳ አዩት። «ያኔ ሌላ ጊዜ ነበር» አሉና ጻፉ።

በሰርዶ ላይ ግን ራሳቸው ዶማ አነሡ። አንጓች ለመነቻቸው። «አይቆራርጡት። ሰርዶ መስመሩን እየተከተሉ በእጅ በትዕግሥት ነው የሚወጣው። ከተቆረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ያወጣል።»

«በአንቺ ልስላሴ ነው እዚህ የደረሰው» አሉና ሲከትፉት ዋሉ። ምሽት ላይ ክርናቸው ድረስ ጭቃ ሆነው፣ «አበቃለት» ብለው ገቡ። በአሥረኛው ቀን ሰርዶው ከሞተበት መቶ ቦታ ተነሣ። አቶ ስንሻው ወደ አንጓች ዞሩ።

«ሲደራጅ አላየሽም?»

«ሣር እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አታሹፊብኝ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ደብተራቸውን ይዘው ከኋላዋ ይሄዱ ጀመር። የቆመውን ሁሉ ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ይጠይቃሉ። በጭነት መኪና የመጣውን ብቻ ጠይቀውት አያውቁም።

በግቢው መሐል፣ ለእንግዶቹ ወንበር በታሰበው ጉብታ ዙሪያ፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን የሆነ ቀጭን ነገር በቅሎ ነበር። አንጓች ሳትጠቁመው አለፈች። አቶ ስንሻው አልፈው ተመለሱ።

«ይኼስ?»

«አላውቀውም» አለች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ግቢ የዋሸችው የመጀመሪያው ውሸት ነው። አቶ ስንሻው ስም የሌለውን መጻፍ ስላልቻሉ ለጊዜው ተወት አደረጉት።

የጳጉሜ መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ልጃገረዶች እየዘፈኑ ወደ በሩ መጡ። በየዓመቱ በዚያ ቀን እንግጫ ሊነቅሉ ይመጣሉ፤ ጎንጉነው በማግሥቱ በየቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል፣ በሰውም ራስ ላይ ያደርጉታል። አቶ ስንሻው ጉብታው ላይ ቆመው የወንበሩን ቦታ እየለኩ ነበር።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«እንግጫ ልንነቅል ነዋ፣ አባባ! ነገ ቅዱስ ዮሐንስ አይደል?» አለች ደብሬ የምትባለው፣ ከሁሉም ደፋሯ።

«እዚህ እንግጫ የለም።»

ደብሬ ሳቀች። «ኧረ እግርዎ ሥር ነው! እታለም አንጓች ናት የምታሳየን። አምናም ካቻምናም ከዚሁ ነው የነቀልን።»

አቶ ስንሻው ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው አንጓችን አዩ።

«አላውቀውም አላልሽኝም?»

«አውቀዋለሁ።»

«ደበቅሽው ማለት ነው።»

«አዎ፣ ደበቅኩት።»

አቶ ስንሻው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆቹ ይመለሱ። አንቺ አሁን ንቀይውና ይቃጠል።»

«እነሱም ሊነቅሉልዎ ነው የመጡት። የእርስዎንም ምሰሶ ያስሩልዎታል።»

«ከእኔ ግቢ ማን እንደሚነቀል የምወስነው እኔ ነኝ!»

አንጓች ወደ በሩ ሄደች። መቀርቀሪያውን ስባ በሩን ወለል አደረገችው። «ግቡ» አለች። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ አቶ ስንሻውን አዩ፣ ቀጥለው እሷን አዩ፤ ከዚያ ገቡ። ደብሬ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ዘፈኑ ሲሰማ የትሁን ሴት ልጅም አጥሩን ዘልላ መጣች።

«አንጓች!» አቶ ስንሻው በዘፈኑ ላይ ጮኹ። «ክፍሉን ታጪዋለሽ! ዛሬውኑ!»

«ዕቃዬ ጥቂት ነው።»

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም። እንግዶቹ ነገ ናቸው፤ ሰርዶው መቶ ቦታ ቆሟል፤ ከእሷ በቀር ስሙን የሚያውቅ የለም። በአንድ ጊዜ ለሰለሱ።

«ስሚኝ እስቲ። ሰው ነን፣ እንነጋገር። ሌላ የደበቅሽው ካለ፣ አንድ እንኳ ቢሆን፣ ስሙን ስጪኝ። ክፍሉን በወረቀት አጸድቅልሻለሁ። በማኅተም።»

አንጓች ወደ ክፍሏ በር ተመለከተች። በሩ ሰማያዊ ነው፤ ራሷ ናት የቀባችው። ከዚያ ግቢውን ዞራ አየችው፤ የገረጣውን፣ የተቆፈረውን፣ ባዶ የቀረውን።

«አንድ ቀርቷል» አለች።

አቶ ስንሻው ጉብታው ላይ እንደቆሙ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «ጎሽ! የት ነው?»

«መጀመሪያ ከቆሙበት ይውረዱ፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ይነቀላል።»