ሳንጣላ ያስታረቁን

ሰው ተርቦ ብናይ አንገታችንን አዙረን ልናልፍ እንችላለን። ሰው ሲታመምም "እግዜር ይማርህ" ብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ሁለት ሰው ተኳርፎ ማየት ግን አንችልም፤ እንቅልፍ ይነሳናል። ባልና ሚስት ይሁኑ ጎረቤታሞች፣ መንገድ ላይ ተላልፈው "እንደምን አደርክ" ሳይባባሉ ከቀሩ፣ በማግሥቱ ነጠላውን ያጣፋ ሽማግሌ በር ያንኳኳል። ለምን እንደተጣሉ ማወቁ እንኳ የግድ አይደለም፤ ዋናው መታረቃቸው ነው። እናንተም ሳትፈልጉ ታርቃችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ግን ሳልጣላ ነው የታረቅሁት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ አሰብ ላይ ነው። ከደሴ ተዛውሬ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሽፈራው ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ መዝሙር ሲያወጣ የሰው ሁሉ ጆሮ ወደ እሱ ነው። "ቤት ጠፍቶ ነው" ብለን አንድ ቤት አብረን ተከራየን። ቤት መጥፋቱ እውነት ነው። የቀረውን ለማንም አልነገርንም። የቀረው ምን መሰላችሁ? እወደው ነበር፤ ሰው ሚስቱን እንደሚወድ አድርጌ። እሱም ይወደኝ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለእኔ ቢጤ በአማርኛችን የተዘጋጀው ስም በእሳት ከጋየ ከተማ የተወሰደ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሰባኪው ያን ከተማ ባነሳ ቁጥር ምእመኑ ደንግጦ ያማትባል። እኔም አብሬ አማትባለሁ። ነገር ግን በሐምሌ ቀትር አሰብ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው፣ እሳት ከሰማይ ይዘንባል ቢሉት ብዙም አዲስ ወሬ አይሆንበትም። ዘመኑ ደግሞ የካድሬ ነው። ለመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ቤተ ክርስቲያን ስለምስም ኋላ ቀር ነኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽፈራውን ስለምስም የጠፋሁ በግ ነኝ። ሁለቱ ወገኖች በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ እኔ ላይ ግን ተስማሙ።

"ታዲያ ምን ቆርጦህ ተናዘዝክ?" ትሉኝ ይሆናል። አምናለኋ! ገብርኤልን ከልጅነቴ ጀምሬ ስጠራው የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅዳሴ ላይ ሌላው ሲቆርብ እኔ ከኋላ ቆሜ አይ ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አባ ተክሌን በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥላ ሥር አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አባ ደግ ሰው ናቸው። ቁጣ የሚባል አያውቁም፤ ሲያዝኑ ነው የሚያስፈሩት። በጃንጥላቸው ጫፍ አሸዋውን ሲጭሩ ቆዩ።

"ሽፈራው? ያ ድምፀ መልካሙ?"

"አዎ አባ።"

"ወይ ጉዴ!" አሉና መስቀላቸውን አወጡ። "ከዛሬ ጀምሮ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዳታድር ገዝቼሃለሁ።"

ነገረ ፈጅ ብሆን ኖሮ መከራከሪያ አላጣም ነበር፤ በዚያ ሙቀት አሰብ ላይ ጣሪያ ሥር የሚያድር ማንም የለም። ከተማው በሙሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ከሰማይ በታች ነው የሚተኛው። ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግዝት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ለሽፈራው ነገርኩት። አልተቆጣም። ሳጥኑን ዘጋ፣ ፍራሹን ጠቀለለ፣ "አንተ ከእግዜር ጋር ታረቅ፤ እኔ ብዙም ሳልርቅ እጠብቃለሁ" ብሎ እዚያ ማዶ ሰፈር አንዲት ክፍል ገባ። የአልጋው እግሮች ቆመውባቸው የነበሩት ጉድጓዶች ግቢው አሸዋ ላይ ቀሩ። ነፋሱ እንዳይደፍናቸው ጎንበስ ብዬ በጣቴ ሳጸዳ፣ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ እንድሪስ በአጥር ቀዳዳ አዩኝ። ምን ጠፍቶህ ነው አላሉኝም። ናፍቆት ሲያንገበግበኝ እሳቸው ሳያውቁት አይቀሩም።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው፤ ግዝቱን አብዝቼ ጠበቅሁት። መንገድ ላይ ሽፈራውን ሳገኝ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ፤ ቀና ካልኩ እንደማልመለስ ስለማውቅ ነው። ሁለታችንም ደግሞ የገብርኤል ማኅበርተኞች ነን። በዚያ ወር ማኅበሩ በመሪያችን፣ በሙሴው በጋሽ ተሰማ ቤት ነበረና፣ እኔ በዚህ ጥግ፣ እሱ በዚያ ጥግ ተቀመጥን። ጋሽ ተሰማ ጽዋውን አንስተው ሊሰጡኝ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ተጣልቶ ጽዋ አይጠጣም" አሉ።

ጉድ ፈላ! ሐጂ እንድሪስ ለሽምግልና ከሱቃቸው ተጠሩ፤ እስላም ናቸው፣ ግን ያለ እሳቸው በሰፈራችን የሚታረቅ ሰው የለም። "ምን አጣላችሁ?" ተባልን። አልተጣላንም አልን። "ያልተጣላ ሰው ታዲያ ቤት ለቅቆ ይወጣል?" አሉ ጋሽ ተሰማ። ሽፈራው "ሞቆኝ ነው" አለ።

"ወላሂ፣ ከአሰብ ሸሽቶ አሰብ የሚገባ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!" አሉ ሐጂ።

ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና ፊታቸው በራ። "ውሃ ነው!" አሉ። ሌላ ምን ይሆናል? ውሃ በቦቴ እየመጣ በርሜል በሚሞላበት ከተማ ወንድም ከወንድሙ የሚቆራረጠው በውሃ ነው። ማን አብዝቶ ታጠበ፣ ማን በርሜሉን ሳይከድን ወጣ... እኔም አንገቴን ሰብሬ "አዎ፣ ውሃ ነው" አልኩ። ሽፈራው ወዲያው "እኔ ነኝ ያልከደንኩት" አለ። ሰው ለሰው የሚዋሸው እንዲህ ነው፤ አንጀቴን በላው።

ይህን ሁሉ ጊዜ አባ ተክሌ ከላይኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ የማኅበሩም ካህን እሳቸው ናቸዋ! እርቁን በመስቀል ማሰር የእሳቸው ድርሻ ነው።

"ይቅር ይባባሉ" አሉ ቀስ ብለው። "አብሮ መኖሩን ግን ለራሳቸው እንተወው።"

"አባ! ተለያይተው ከኖሩ ምኑን ታረቁት?" አሉ ጋሽ ተሰማ። ቤቱ በሙሉ አጉረመረመ።

አባ አዩኝ። እኔ ሰሌኑን አየሁ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ እኔም የለሁም፣ ሽፈራውም የለም፤ ሥራችንም፣ ስማችንም፣ ምናልባትም ነፍሳችን። የንስሐን ምስጢር ያወጣ ካህን ደግሞ ክህነቱ የለም። ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉ። ከዚያ መስቀሉን አነሱ።

"በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ከእንግዲህ በውሃም ሆነ በሌላ ነገር ብትለያዩ ገዝቻለሁ።"

"አንድ ቤት ይግቡ፣ ይበሉ እንጂ አባ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"አንድ ቤት ግቡ" አሉ አባ፤ ድምፃቸው ሊሰማ ምንም አልቀረውም ነበር።

"ተሳሳሙ!" ተባልን። ተሳሳምን። "ይሄ ምኑ መሳም ነው? ከልባችሁ!" አሉ ሐጂ። ከልባችን ተሳሳምን። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁን። ካህን ነበረ፣ ሽማግሌ ነበረ፣ ድግስ ነበረ፣ እልልታ ነበረ። ምን እንደጎደለ እናንተው ንገሩኝ። ሽፈራው በዚያው ቀን አልጋውን በሐጂ ጋሪ አስጭኖ መጣ። የአልጋውን እግሮች በየጉድጓዳቸው አቆምናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ አባ ዘንድ ሄድኩ። "አባ፣ የትኛውን ግዝት ልጠብቅ?" አልኳቸው።

"ሥራህን አልወደድኩትም፤ አልዋሽህም" አሉ። ቁርባኑንም አልፈቀዱልኝም።

"እንግዲያው የማኅበሩን ግዝት ይፍቱት።"

አሸዋውን በጃንጥላቸው ጭረው ጭረው፣ "ተሰማ ለምን ፈታኸው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ሂድ፣ ስገድ። ስትሰግድ እኔንም አስበኝ" አሉኝ። አሰብኳቸው። እስከ ዛሬም አስባቸዋለሁ።

አሰብን እስክንለቅ ድረስ "ለምን አታገባም?" ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ "ከሽፈራው እንዳልለይ አባ ገዝተውኛል።" ጋሽ ተሰማ ይህን በሰሙ ቁጥር ራሳቸውን ይዘው "ምነው ባልቸኮልን ኖሮ!" እያሉ ይጸጸቱ ነበር፤ በአንድ በርሜል ውሃ ትዳር ያሳጡኝ መስሏቸው።

አባ ተክሌ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ግዝቱን ሳይፈቱት ነው የሄዱት፤ ሌላ ካህን ይፍታው ቢባል ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስረዳት ሊኖርብን ነው። ሽፈራው አሁን አርጅቷል፣ ድምፁም ተሰባብሯል፤ ይህን ስጽፍ እዚያ ጋ ሆኖ በርሜሉን እየከደነ ነው። ምን እናድርግ፣ ግዝት አክባሪዎች ነን።