ራውተሩ የማን ዘመድ ነው?

ኃላፊ ሁሉ ሂሳብ ይጠላል፤ ቁጥር አንድን የሚጠላ ኃላፊ ግን እስካሁን አልተወለደም! ካላመናችሁ መተማ ዮሐንስ ብቅ በሉና እኔን ጠይቁኝ።

ድንበር ላይ ለጭነት መኪኖች መውጫ ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። እሑድ ጎንደር ላይ ከብርቱካን ጋር ልንሞሸር ቀን ቆርጠናል። የዓመት ፈቃዴን የሚፈርሙልኝ አለቃዬ አቶ ቢያድግልኝ ግን፣ «መጀመሪያ አዲሶቹን ማሽኖች አስነሳ፣ ከዚያ ትሞሸራለህ» አሉኝ። ማሽኖቹ ቲን ክላይንት ይባላሉ። ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ በራሳቸው የሚያስቡት ነገር የለም። ዞን ያለውን ትልቁን ሰርቨር በኔትወርክ ይጠይቁና ያላቸውን በስክሪን ያሳያሉ። (ስለ ማሽን ነው የማወራው፣ አደራ!)

በዚያ ሙቀት ጀርባዬ በላብ ርሶ ለእያንዳንዱ ማሽን የኔትወርክ አድራሻ ሰጠሁ። እንዳይምታታብኝም የአድራሻውን የመጨረሻ ቁጥር በየማሽኑ ላይ ለጠፍኩ። የጀመርኩት ከግቢው በር ስለሆነ ሁለት ቁጥር ለጥበቃው ለጋሽ ሙላው ደረሰ። የአቶ ቢያድግልኝ ቢሮ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነውና... አሥራ አራት ሆኑ።

«አንተየ! ሙላው ሁለት ሁኖ እኔ አሥራ አራት?»

«አድራሻ እኮ ነው አቶ ቢያድግልኝ፣ ማዕረግ አይደለም።»

«አንድን ማን ያዘው?»

«ራውተሩ።»

«ራውተሩ የማን ዘመድ ነው?»

ራውተር ኔትወርኩን ከዞን ጋር የሚያገናኝ ዕቃ መሆኑን፣ ቁጥሩን ከቀሙት ሁሉም ማሽን ቀጥ እንደሚል አስረዳሁ። እሳቸው እስክሪብቷቸውን ወደ ፈቃድ ወረቀቴ አስጠጉና መልሰው ከደኑት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሙሽራ ናችሁ እኮ! አንድን ሰጠኋቸው።

ወዲያው ስክሪኑ ሁሉ ደረቀ። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች መውጫ ወረቀት አጥተው ፀሐይ ላይ ተደረደሩ። አንድ ሱዳናዊ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «ያ ዞል» (አንተ ሰውዬ ማለቱ ነው) «ኔትወርክ ማፊ?» አለኝ።

«ማፊ፣ የለም!» አልኩት። «አለቃችን ተቀምጠውበታል!»

እንባዬ ሊመጣ ምንም ሳይቀረው አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ቁጥሩን ለራውተሩ መለስኩ። ከዚያ የአቶ ቢያድግልኝን የስክሪን ማስተካከያ ከፈትኩና ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ወርቃማ «1» የጀርባ ምስል አደረግኩላቸው። ማሽኑ ያው አሥራ አራት ነው፤ እሳቸው ግን ስክሪኑን አይተው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እንዲህ ነው እንጂ! አየህ፣ ፍጥነቱም ጨመረ!»

እስክሪብቷቸው ተከፈተ። ሊፈርሙ ሲሉ የዞኑ ኃላፊ ለጉብኝት ገቡ፤ ዓይናቸው በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የእኔ ቁጥር ነው፣ ክቡር ኃላፊ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ ደረታቸውን ነፍተው።

«እንዲህ ነው? አንተ አንድ ከሆንክ፣ እኔ ስንት ልሆን ነው?»

የአቶ ቢያድግልኝ ደረት ተነፈሰ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ «ባለሙያው ያስረዳ!»

ጭንቅ የማያናግረው ነገር የለም... «ከአንድ የሚቀድመውማ ዜሮ ነው፣ ክቡር ኃላፊ» አልኩ።

ኃላፊው ጥቂት አሰቡና ፈገግ አሉ። ወደዱት! «ና፣ ለእኔም ትሠራልኛለህ» ብለው ፈቃዴ ሳይፈረም መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ።

ይኸው ዛሬ እሑድ ነው፤ ይህን የምጽፍላችሁ ዞን ሆኜ ነው። ቅድም ብርቱካን ደወለች።

«እንግዳው ሁሉ ተሰብስቧል! አንተ የት አባህ ነህ?»

«መጣሁ የኔ አበባ፣ ትንሽ ብቻ ታገሽኝ። ኃላፊው ዜሮው አነሰኝ ስላሉ እያሰፋሁላቸው ነው።»