ወገብ ይቅደም፣ እጅ ይከተል

እኛ ሰዎች በሁሉ ነገር እጃችንን ማስቀደም እንወዳለን። ማዕድ ሲቀርብ እጅ ይቀድማል። ጠብ ሲነሣም እጅ ይቀድማል። ባሕር ዳር ፎቶ ቤት ስላለኝ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። "ትከሻዎን ዘና ያድርጉ" ስላቸው እጃቸውን የሚያነሡ ስንቶች ናቸው!

ታዲያ ሰሞኑን አይደለም፣ ከገና በፊት፣ ስልኬ ላይ አንድ የጎልፍ አስተማሪ አየሁ። ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ ችኮላ የማያውቅ ሰው። ዱላው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ይላል፣ መጀመሪያ ወገብ ይዙር፤ ደረት ይከተል፤ እጅ ተራው እስኪደርስ ይጠብቅ። እጅ ከቀደመ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

ጎልፍ ለአንተ ምንህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የገና ጨዋታ አለብኝ፤ እሱም በዱላ ነው። ደግሞም አማቴ አሉብኝ።

አማቴ መሪጌታ ናቸው። መንደራቸው መራዊ አጠገብ ነው። የገና ዕለት እዚያ ባለትዳሮችና ወንደላጤዎች ሲጋጠሙ የባለትዳሮቹ አዛዥ እሳቸው ናቸው። አምና አዲስ ሙሽራ ነበርሁና በኩራት አሰለፉኝ። ሩሯ፣ ያች የምንመታት ድቡልቡል እንጨት፣ እግሬ ሥር መጣች። ባለ በሌለ ክንዴ ሰነዘርሁ። ሳትኋት፤ ዞርሁ ዞርሁና መሬት ላይ ዘፍ አልሁ። ተሸነፍን። የተሸነፈ ደግሞ ይሰደባል፤ ደንብ ነው። ወንደላጤዎቹም አወረዱት፦

"የመሪጌታ አማች ዱላውን ሲያነሣ፣
ሩሯ ቆማ ቀረች እሱ ወድቆ ተነሣ።"

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባል የለ? አማቴም አልተቆጡም።   ስንሰነባበት ብቻ፣ ከርሞም እንዲህ ከሆነ ከሜዳው ዳር ተቀምጬ የሰው ጋቢ እንደምጠብቅ ነገሩኝ። ትዳር ይዞ ጋቢ ጠባቂ! አፈርሁ። ባለቤቴ ፊት አፈርሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ያን አስተማሪ እንዳየሁ ጧት ጧት ጣና ዳር እየወረድሁ ሎሚ መምታት ጀመርሁ። አንድ ቀን ሎሚው ታንኳ ላይ ካለ ዓሣ አጥማጅ አጠገብ ጧ ብሎ ወደቀ። ሰውየው ቀና አለና፣ "ኧረ ወንድሜ፣ ዓሣው ሳይያዝ ሎሚውን ምን አስቸኮለህ?" አለኝ።

ባለቤቴ ውዴ በስልክ ትቀርጸኛለች፤ በኋላ ቀስ አድርገን እናየዋለን። ጉድ እኮ ነው! እጄ መሬት ደርሶ ወገቤ ገና እያሰበ ነው። ክንዴን በነጠላዋ ከጎኔ ጋር አሰረችው። አሁን ደግሞ ወገቤ ብቻውን ይሾር ጀመር። "ወገብህ እንደ ባጃጅ ነው፤ ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል" ብላ ሳቀችብኝ።

ቀስ በቀስ ግን መጣልኝ። ተረከዝ ይረግጣል፣ ወገብ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድ ይወርዳል፣ ዱላ መጨረሻ። አማቴ ለጉዳይ ከተማ ሲመጡ ውዴ ቪዲዮውን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና፣ "ይኸማ ዝማሜ ነው! እኛስ መቋሚያ ይዘን ስንዘምም ሰውነት አይደል የሚቀድመው?" አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ጨመሩበት፦ "የዘመመ ሁሉ ግን ማኅሌት አይቆምም።"

ገና ደረሰ። ወንደላጤዎቹ ይመሩናል። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ግጥማቸውን ከወዲሁ ያሟሹ ጀመር፤ ስሜም ገብቶበታል። በዚህ መሐል ሩሯ ተንከባላ መጣችና ከፊቴ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጎድጓዳ ውስጥ ቆመች። የጎልፍ ኳስ ጌታውን ይጠብቃል፤ ሩር ግን ማንን ጠብቃ ታውቃለች? እኔን ጠበቀችኝ። ወንደላጤዎቹ እየሮጡ መጡ። አማቴ ከዳር "በላት!" ይላሉ። እጄ ሊቀድም አቆበቆበ። ቆይ አልሁት። ተረከዝ። ወገብ። ደረት።

አይ ምት! እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሩሯ ከወንደላጤዎቹ ራስ በላይ፣ ከግቡም በላይ፣ ሜዳውን ተሻግራ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባች። ወጣት ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ፈለገ። የለችም። ሌላ ሩር የያዘ ሰው አልነበረም። በመንደሩ ደንብ ሩር ከጠፋች የገባው ሁሉ እንዳልገባ ይቆጠራል፤ ሳይሸናነፉ ይለያያሉ፤ ያልተሸነፈም አይሰደብም። የወንደላጤዎቹ ግጥም አፋቸው ላይ ቀረ።

ግብ ስቼ የለ? አንገቴን ደፍቼ ወደ አማቴ ሄድሁ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ጨብጠው፣ ባለትዳር ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "የአንተ ቦታ ዛሬ ታወቀ፤ ስናሸንፍ አርፈህ ትቀመጣለህ፣ ልንሸነፍ ስንል ትገባለህ" አሉኝ።

እኛ ባለትዳሮች ደግሞ መቼ አሸንፈን እናውቃለን? ይኸው ቋሚ ተሰላፊ ሆንሁ።