አባ ፈረደ የመረመሩኝ ዕለት

የአእምሮ ሕክምና ነርስነት የተፈለሰፈው ሐበሻን ለማሰቃየት ነው! እንዴት አትበሉኝ... መጀመሪያ የሚያስተምሩን ነገር ለታካሚ ምክር አትስጡ የሚል ነው። ምክር! እኛ እኮ አውቶቡስ ስንጠብቅ አጠገባችን የቆመውን የማናውቀውን ሰው እንኳ ስለ ትዳሩ ሳንመክር አንሳፈርም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያሉ ያሳደጉንን ሰዎች ምን እንበላቸው? ሁለተኛው ደንብ፣ ስለ ራሳችሁ አታውሩ። ሦስተኛው፣ ታካሚው ዝም ካለ እናንተም ዝም በሉ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ለልምምድ ተላክሁ። ፈተናው ከአንድ ታካሚ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው። ከወደቅሁ ዓመቱን መድገሜ ነው። እናቴ ደግሞ ለሰፈራችን ለሃዳር ጎረቤት ሁሉ «ልጄ ነርስ ሆነች» ብላ አውርታ ጨርሳለች... ወድቄ በየት በኩል ቤት ልግባ?

አስተማሪዬ ሩቲ ወደ አባ ፈረደ ወሰደችኝ። ከጎረቤት ከተማ ከክርያት ያም የመጡ የጎንደር ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እህል እምቢ ብለዋል፤ እዚህ ከገቡም ዘጠኝ ቀን ለማንም ቃል አልተነፈሱም።

«አንቺ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ። ብቻ ደንቡን እንዳትረሺ፣ ቤሰደር?» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ «እሺ?» ማለቷ ነው። ወረቀቷን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» አልኋቸው፣ ከዕብራይስጡ ቃል በቃል ገልብጬ።

ዝም። እኔም በደንቡ መሠረት ዝም። አይ የኔ ነገር... የጎንደር ሽማግሌ በዝምታ ላሸንፍ! ሽማግሌ ፊት አንገት ደፍቶ መቀመጥ ከልጅነቴ የሠለጠንሁበት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሰባ ዓመት ተለማምደውታል። ምሳቸው መጥቶ፣ ሩዙም ዶሮውም ቀዘቀዘ። ሩቲ ሰዓቷን አየች። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

በመጨረሻ አባ ፈረደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ተናገሩ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ግን ስለ ራስሽ አታውሪ ተብያለሁ፤ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ነው።

«የማን ልጅ እንደሆንሁ ማወቅ ምን ስሜት ይሰጥዎታል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አባትሽን አታውቂውም?»

«ስለ አባቴ ማወቅ እንደሚፈልጉ እየነገሩኝ ነው» አልሁ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ።

«ወይኔ ልጄን!» ብለው ከአልጋቸው ተነሡና ሩቲን በእጃቸው ጠሩ። «ነይ፣ ነይ! ይህች ልጅ ታማለች። የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ ጠፍቷታል። አልጋ ስጧት!»

«ምን አሉ?» አለች ሩቲ።

አስተርጓሚዋ እኔ ብቻ! የራሴን በሽታ በራሴ አፍ ተረጎምሁ። ሩቲ ወረቀቷን አፏ ላይ አደረገች።

አባ ፈረደ አልጋቸው ላይ አስቀመጡኝ። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ አስታውሺ። አባትሽ ማን ይባላል?»

ከዚህ በኋላ ምን ደንብ አለ! አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን... እስከ ሰባት ትውልድ ስቆጥርላቸው፣ በየስሙ «እህ፣ ደግ!» እያሉ ጣታቸውን ያጥፋሉ። ከዚያ ፈተናውን መፍራቴን፣ እንቅልፍ ማጣቴን ዘከዘክሁት። አለቀስሁም!

«እህል ቀምሰሻል?»

«ኧረ አልቀመስሁም።»

«እኔስ ከማን ጋር ልብላ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉና ሰሃኑን መሐላችን አደረጉት። ከታካሚ ሰሃን መብላት ክልክል ነው። በላሁ። እሳቸውም በሉ። ሙልጭ!

ሩቲ ያወራነውን አስተርጉማኝ ስህተቴን ትቆጥር ጀመር። «ስለ ራስሽ አወራሽ። አለቀስሽ። ምሳቸውን በላሽ...» እኔ በልቤ ዓመቱን መድገም ጀምሬያለሁ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «ተማሪዬን እንዴት አገኟት?»

አባ ፈረደ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደህና ትሆናለች። ብቻዋን ግን አትተዋት። እኔንም የጀመረኝ እንዲህ ዝም ማለት ነው።»

ይህንንም ተረጎምሁላት። ሩቲ ማለፊያዬን ጻፈች። ከሥሩም እንዲህ ብላ ጨመረችበት፦ «አባ ፈረደ ድነሻል እስኪሏት ድረስ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ትምጣ።»