የጋሼ ተክለብርሃን ምሳሌና ጥቅሙ

በየሰፈሩ ነገርን በራሱ ስም መጥራት የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። የእኛ የስደተኞቹ ሰፈር፣ የፌርፋክሱ፣ ጋሼ ተክለብርሃን ናቸው። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ የደንበኞችን መኪና ፓርክ ያደርጋሉ፤ እኔ በልቤ «ሊቀ ምሳሌ» እላቸዋለሁ። እኔ ደግሞ የልብ ቀዶ ጥገና የፈቃድ ፎርም አልፈርም ብዬ ሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ሐኪሙ «አትዘግይ» ብሎኛል።

የአስተናጋጇ የሄራን መኪና አልነሳ ያለ ቀን ጋሼ የባትሪ ማስነሻ ኬብላቸውን ይዘው መጡና ቆሙ።

«የሞተ ባትሪ ማለት፣ ልጄ፣ ያልተጸለየበት ልብ ነው…»

«ሶ ጋሼ፣ ጃምፕ ያደርጉልኛል ወይስ ንስሐ ልግባ?»

«ሁለቱም አይቀርም» አሉና አስነሱላት።

ይህ አመል የጀመራቸው ፓሳዴና ከተማ ከአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ የፒዩሪታን ስብከቶች መጽሐፍ ከገዙ ወዲህ ነው። ልስቅባቸው ብዬ መጽሐፉን ተዋስኩና እኔም ተያዝኩ። እነዚያ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ እንግሊዛውያን ሰባኪዎች ያጌጠ ንግግር አይወዱም ነበር። ታዲያ ምሳሌ ለምን አበዙ? መልሱ ደስ ይላል፦ ምሳሌ መሣሪያቸው ነበር። ለመርከበኛው በመርከብ፣ ለገበሬው በማረሻ ይናገራሉ፤ ሰሚው በእጁ የሚያውቀውን ይዞ የማያውቀውን እንዲጨብጥ። ከትምህርቱ በኋላ ደግሞ «ጥቅም» የሚሉት ክፍል አለ፦ ይህን የሰማህ ሰው ዛሬ ምን ታደርጋለህ? ምሳሌው እዚያ ካላደረሰ ድካም ብቻ ነው።

እኔ ግን ስለ ስብከት ሳነብ ፎርሙ ኪሴ ውስጥ ይታጠፋል።

ፎርሙን አለመፈረሜን ለሄራን ነግሬአት ነበር፤ ጋሼ ከእሷ ሰምተው ቤቴ መጡ። ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም።

«በቀን ስንት ሰው ቁልፉን ይሰጠኛል። አያውቀኝም። ሰጥቶኝ ይገባና ጥብሱን ይበላል።»

«እርስዎ ገጭተው አያውቁም?»

ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። «ሁለት ጊዜ ገጭቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያጽናናል?»

«ሁለቱንም ጊዜ ባለቤቱ እስኪመጣ መኪናው አጠገብ ቆሜ ጠብቄአለሁ።»

«እሺ፣ ጥቅሙስ?»

«ጥቅሙማ፣ አንተ ትፈርማለህ፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

ፈረምኩ።

ቀዶ ጥገናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሄራን በኋላ እንደነገረችኝ፣ ነርሶቹ በየጊዜው ለጋሼ ወንበር ቢያቀርቡላቸውም «ባለቤቱ ገና አልመጣም» እያሉ አልተቀመጡም።